ልብ ያዳመጥንባት ክፍል

ከገጠር ስንመለስ ሶዶ መግቢያ ላይ ፖሊሶች መኪናችንን አስቁመው እኔን ብቻ አወረዱኝ። ሥራዬ የልብ ሕመም ጥናት ነው፤ በየቀበሌው ሰው ሰብስበን ደረት እናዳምጣለን። «ሰው ሰብስበህ ምን ትቀሰቅሳለህ?» አሉኝ። ጥናት ነው ብል ማን ይስማኝ!

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። ቦታ የለቀቀልኝ በስብሰባ ላይ በተናገረው ቃል የታሰረ የጉኑኖ ወጣት ገበሬ ነበር። «ኢሻ፣ እዚህ ጋ ና» አለኝ፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። ይህችን ብሎ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ጋደም ማለት አይችልም፤ የሚያንቀላፋው ግድግዳ ተደግፎ ነው።

የማዳመጫ መሣሪያዬን ወስደውብኛል። ጠዋት «እባካችሁ ዝም በሉልኝ» ብዬ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ። ክፍል ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ ጸሎት ላይ የነበሩት እንኳ አቋረጡ። ሰማሁት። ከልቡ ምት ጋር የሚነፍስ ድምፅ አለ፤ ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው።

«ልጅ ሳለህ ጉሮሮህን ያምህ ነበር?» አልኩት። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከዓመታት በኋላ የልብን ቫልቭ፣ የደሙን መዝጊያ በር፣ ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ሁሌም እንጠይቃለን። በሽተኞቻችን ግን ኧረ በጭራሽ ይሉናል። ጥናታችን እዚያ ላይ ነበር የተገተረው።

«እኔ? ጉሮሮ በሽታ አታውቀኝም» አለ። «በልጅነቴ እንጥል አስቆርጠውኛል።»

«ከተቆረጠ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ብርድ ብቻ ነው። ምራቅ መዋጥ ያቅተኛል፣ ያተኩሰኛል፣ ጉልበቴ ያብጣል። ብርድ ነዋ!»

ብድግ አልኩ። እንጥሉ የተቆረጠ ሰው ጉሮሮው ለዘለዓለም ዳነ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያመውም ጉሮሮዬን አይልም። የተበላሸው ጥያቄያችን ነበር! ደስታው ቢያሰክረኝ እዚያው እስር ቤት ውስጥ አጨበጨብኩ። «ይሄን ሰውዬ ነካ አድርጎታል» አለ አንዱ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ወጣቱ ግን ቶሎ ሐኪም ቤት ካልደረሰ ሊሞት ይችላል። የእስር ቤቱን አዛዥ አስጠራሁ።

«የእስረኛ ተንኮል ነው» አለ።

«እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ያዳምጡት።»

በሩ ላይ ቆሞ አየን። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከና ጆሮውን ወጣቱ ደረት ላይ አሳረፈ። ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል።

«መኪና አምጡ» አለ።

ፖሊሱ ካቴና ይዞ ሲመጣ ወጣቱ የሸሚዙን ቁልፎች እየቆለፈ ነበር። «እጄን ተው» አለው በዝግታ። «አሁን በሽተኛ ነኝ።» ፖሊሱ አዛዡን አየ፤ አዛዡ መሬት መሬት አየ። እጁ ሳይታሰር ወጣ።

በኋላ እኔም ወጣቱም ተፈታን። የእኔ መታሰር ግፍ ነበር፤ ዛሬም ያናድደኛል። ግን አሁን መንደር ስንገባ ስለ እንጥል ነው የምንጠይቀው፤ ልባቸው ክፉኛ ሳይጎዳ የምንደርስላቸው ልጆች በዝተዋል፤ ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይዘላል። ወጣቱም የጉሮሮ ሕመሙ እንዳይመለስበት በየወሩ መርፌ ይወጋል። አንዴ ተወግቶ ለብዙ ወራት የሚያገለግል መድኃኒት ለመሥራት የሚደክሙ ተመራማሪዎች እንዳሉ ስነግረው ዓይኑ በራ።

«መጀመሪያ እኔ ላይ ሞክሩ» አለኝ። «ግን ጠርታችሁኝ፣ ፈቅጄ፣ በራሴ እግር ነው የምመጣው።»