ከደባርቅ ወዲያ በብስክሌት

ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ከብስክሌቱ ይወርድ ነበር። የወገራን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጥድ የበቀለበት ጉብታ ሁሉ ታቦት አለበት። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ወርዶ ይሳለማል፤ ያ የአባት የእናት ወግ ነው፣ እኔም አልነቅፈውም። ወንድሜ ግን ብስክሌትም ያው በቅሎ ነው ብሎ ደምድሟል። አቀበቱን ጥርሴን ነክሼ ጨርሼ፣ ቁልቁለቱ ገና ነፋሱን ፊቴ ላይ ሊለቅልኝ ሲል፣ ከኋላዬ ፍሬን ሲያፏጭ እሰማለሁ። ዞር ስል እሱ ወርዶ ነጠላውን እያስተካከለ ነው።

«አያ፣ በዚህ አያያዛችን እኮ ፋሲካ ደባርቅ ሳንገባ ይደርስብናል» እለዋለሁ።

«አንተ ቅደም፣ እደርስብሃለሁ» ይለኛል ሳይቆጣ። አለመቆጣቱ ነበር ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ከተማዋ ጠብባኛለች። ጠዋት ከቤት ስወጣ ያገኘኋቸውን ሰዎች ማታ ስገባም አገኛቸዋለሁ፤ ሁሉም «የመሪጌታ ልጅ» እያሉ የአባቴን ጤና ይጠይቁኛል። ቁጭ ማለት አልችልም። ክፍል ውስጥ እንኳ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መስኮቱ ስመላለስ ተማሪዎቼ አንገታችንን አመመን ይሉ ነበር። አሥመራ መሄድ ፈለግሁ። እዚያ ፋብሪካ አለ፣ አስፋልቱ ላይ ብስክሌት እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል ሲባል እሰማለሁ። ብቻዬን መሄድ ግን አልሆነልኝም። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔን ያጎረሰኝም የገሠጸኝም ወንድሜ ነው፤ እሱ በሌለበት ቤት ማደር አላውቅም።

እሱ ዲያቆን ነው። አባታችን በሚያገለግሉበት ደብር ቅስና ተቀብሎ እንዲተካቸው ዘመድ ሁሉ ቆርጧል። ከቀሰሰ በኋላ አሥመራም ብስክሌትም አበቃ፤ ቄስ ፔዳል ሲረግጥ ቢታይ አራዳ ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይስቃል። ስለዚህ ጥምቀት አልፎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ስሜን ድረስ በብስክሌት እንሂድ አልኩት፤ መንግሥት ዋልያ እንዳይታደን ብሎ እስከ ከለለው ተራራና ገደል ድረስ። ነገሩንም አልደበቅሁትም።

«ከእኔ ጋር አሥመራ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?»

«ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ እነግርሃለሁ» አለኝ። እንግዲህ እንደዚያ የምጣደፈው መልሱን ለመስማት ነበር።

እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ የካሚዮኖች ነው። ከወለቃ ጀምሮ ወደ አሥመራ የሚሄዱት እየቀደሙን፣ የሚመለሱት እየገፉን፣ አምባ ጊዮርጊስ ስንገባ የሁለታችንም ቅንድብ በአቧራ ነጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ካሚዮን ሲያልፈኝ እኔን ትቶኝ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ይበልጥ እረግጣለሁ፣ ከዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ወንድሜ ተሳልሞ እስኪመጣ ጣቴን አኝካለሁ።

ደባርቅ ላይ ከማኪናው መንገድ ወጥተን የበቅሎውን መንገድ ያዝን። ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አስቆመንና ብስክሌቴን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይኼ ምን ይበላል?»

«ምንም አይበላም።»

«ሸጋ ነው እንግዲያ። ዋልያ እንዳታስበረግጉ» ብሎ ለቀቀን።

ከዚያ ወዲያ ማኪና የለም። ድምፁም፣ አቧራውም፣ ሽታውም ቀረ። ድንጋዩ ሲበዛ እየገፋን፣ ሜዳው ሲመጣ እየነዳን ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክል በየሜዳው ሰው መስሎ ቆሟል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር አይታይም፤ ይህን ስል እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ነዳን። አንድ ቁልቁለት ላይ ወንድሜ ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው ለቀቀና እንደ ሕፃን ጮኸ። አለቀ፣ አብሮኝ ይሄዳል አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ መንደር ደረስን። ዳር ላይ በሣር የተከደነች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ገደሉ ከእሷ ወዲያ ብዙ አይርቅም፤ ነፋሱ ሲመጣ ይሰማል። ወንድሜ ወረደ። እኔ ፔዳሉን እንደረገጥሁ በአንድ እግሬ መሬት ተደግፌ ጠበቅሁት። በሩ ላይ አንድ አሮጌ ቄስ ተቀምጠው አሳላለሙን ይመለከታሉ።

«ምነው ልጄ፣ ከየት ናችሁ?»

«ከጎንደር ነን አባቴ።»

«ዲያቆን ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። የወንድሜን እጅ ያዙ፤ ችግራቸውን ነግረው እስኪጨርሱም አልለቀቁትም። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። እነሱ ሁለት ያረጁ ቄሶችና ሁለት ልጅ እግር ዲያቆናት ናቸው። ሦስተኛው የአስኳላ ትምህርት እማራለሁ ብሎ ወደ ጎንደር ከወረደ ወዲህ፣ ከኅዳር ጀምሮ ማለት ነው፣ እዚያ ቦታ ቅዳሴ የለም። ሰዉ እሑድ እሑድ መጥቶ፣ በሩን ስሞ ይመለሳል። ቆራቢ የነበረች ባልቴት ሥጋ ወደሙ እንዳማራት ሞተች። ይህን የነገሩን ሳያለቅሱ ነው።

«ነገ እሑድ ነው ልጄ። ስለ እግዚአብሔር።»

«አያ፣ ገደሉ እኮ እዚሁ ነው» አልኩ እኔ።

«አንድ ቀን ነው» አለኝ። እኔም አንድ ቀን መሰለኝ።

በማግስቱ ሰዉ ከየገደሉ ሥር እየወጣ መጣ። ይህ ሁሉ ሰው የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ። ሽማግሌዎች በልጆቻቸው ጀርባ ታዝለው መጡ። እኔ ውጭ ሆኜ ከእግር ወደ እግር እየቀያየርሁ፣ መቼ ያልቃል እያልኩ ቆሜአለሁ። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። ቤት ውስጥ ሲያጠና የማውቀው ድምፅ ነው፤ እዚያ ግን ለጸሎት ተነሡ ብሎ ሲያዝ፣ አጠገቤ የነበረች ሴት በሁለት እጇ አፏን ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ገደሉ አፍ ላይ ሄድን። ከሥራችን ደመናው ተኝቷል። ዋልያ ለማየት እንኳ አልፈለግሁም።

«በል ንገረኝ።»

«የዛሬ ሳምንትም እሑድ ነው» አለኝ።

ጮህኩበት። እዚህ ማን አለህ? በብርድ ልትሞት ነው? አባባስ? ደብራቸውስ? አልኩት።

«የአባባ ደብር እኔ ብቀርም ዲያቆን አያጣም።»

«እኔስ?»

«አንተማ መሄድህ አይቀርም» አለና ትከሻዬን ያዘኝ። «ቁጭ ብለህ አታውቅም።» እጁን ከትከሻዬ መነጨቅሁት፤ ከዚያ መልሼ ያዝኩት። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ከሰው የተዋሰውን ብስክሌት እንድመልስለት ሰጠኝ። ለአንድ ሰው ሁለት ብስክሌት እዳ ነው። ዳባት አጠገብ አንዱን እየነዳሁ ሌላውን ልጎትት ብዬ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ። ከዚያ በኋላ መሐላቸው ገብቼ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዤ፣ ጎንደር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ቁልቁለቱንም ጭምር። መንገደኛው ይስቅብኛል፤ የካሚዮን ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፉብኛል።

አባቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁለቱን ብስክሌቶች አዩ፣ ከኋላዬ በሩን አዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ። በሕይወት አለ ብዬ ቶሎ ነገርኳቸው፤ ስለ ቦታው፣ ስለ አሮጌው ቄስ፣ ስለጎደለው ዲያቆን። ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም እንዲቆጡልኝ፣ ሰው ልከው እንዲያስመጡልኝ ፈልጌ ነበር።

«ተቀደሰ?» አሉኝ።

«ተቀደሰ።»

«ተመስገን» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ተመስገን ማለት አቃተኝ። እነዚያን ሰዎች ቅዳሴ አልነፍጋቸውም፤ ወንድሜን ግን እኔም እፈልገው ነበር።