ያልወለድኩት ልጅ ሳል

ይህ የደረሰብኝ አምና ሐምሌ ላይ ነው። አንዳንድ ነገር ካለፈ በኋላ ሰው የሠራው ሳይሆን ተኝቶ ያየው ይመስለዋል፤ የእኔም እንደዚያ ነው። ሆኖም አልረሳሁትም። መንገድ ላይ ሕፃን ሲያስል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ዞር እላለሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ካገባሁ ሰባት ዓመት አልፎኛል፤ ልጅ የለንም። ሐኪም ቤቱንም ጸበሉንም አዳርሰናል። መጀመሪያ መጀመሪያ ስለ ልጅ ብዙ እናወራ ነበር። በኋላ ግን ባለቤቴ እኔን ላለማስከፋት፣ እኔም እሱን ላለማስከፋት ስንል ወሬውን ተውነው። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን የማናነሳው ነገር ሆነ።

አምና ሥራ ፈትቼ ሳለሁ አንዲት የማውቃት ልጅ የጥቂት ቀን ሥራ አገኘችልኝ። የመድኃኒት ቤቶችን አሠራር የሚያጠና ድርጅት ነው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ እንገባና ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ እንጠይቃለን። ሻጩ ይሰጣል ወይስ ይከለክላል፣ ምን ይጠይቃል፣ ምን ይመክራል፤ ከወጣን በኋላ ቅጽ ላይ እንሞላለን። የምንናገረውም ተጽፎ ተሰጥቶናል፦ «የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ካመመው ሁለት ቀኑ ነው፤ ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል። ጎረቤት ትቼው ነው የመጣሁት።»

አስተባባሪያችን ቀልድ አያውቅም። የተነቃብን ቦታ ቅጹ ይሰረዛል፤ ሁለት ጊዜ የተነቃባት ደግሞ ትሰናበታለች አለን። እኔ አንዷን ዕድሌን ያቃጠልኳት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። «ልጄን ያስለዋል» ስል ከባንኮኒው ጀርባ የነበረችው ሴት አብራኝ የተማረች ሆና ተገኘች። «ውይ! መቼ ወለድሽ?» ብላ ልታቅፈኝ ዞራ መጣች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ አስተባባሪው ማንም ወደማያውቀኝ ወደ አማኑኤል ከተማ ሊልከኝ ወሰነ።

እስከዚያ ግን ማርቆስ ውስጥ ሌሎች መድኃኒት ቤቶች ገብቼ ነበር። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ቃሉ አፌን እንዴት እንደለመደው ነው። አንዱ ባለሙያ የልጁን ስም ሲጠይቀኝ ናሆም አልኩት፤ ናሆም ሆኖ ቀረ። ሌላዋ «ምግብ ይበላል?» ስትለኝ «ከእንቁላል በቀር አይነካልኝም» አልኳት። እንዲህ የሚል ወረቀቱ ላይ የለም። እያደር ናሆም መልክ እያወጣ መጣ። እጅጌው የረዘመበት አረንጓዴ ሹራብ ለበሰ፤ ሲያስል አፉን በእጅጌው ይሸፍናል። በእግሬ ስሄድ ሳላውቀው ርምጃዬን አሳጥር ጀመር።

ደስ ይለኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? በቀን ሦስት አራቴ «ልጄ» እያልኩ እውላለሁ፤ ሰውም አምኖ «ይማርልሽ» ይለኛል። ለባለቤቴ ግን ጥናት ላይ ነኝ ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላልኩም።

ወደ አማኑኤል የሄድኩ ቀን ጉሙ ማሳውንም ቤቱንም ውጦት ነበር። ከሚኒባሱ መስኮት የሚታየው አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። ሙቀቱና የሞተሩ ድምፅ አፍዝዞኛል። አንድ ጆንያ የያዙ ሰውዬ አጠገቤ ሲቀመጡ ተናደድኩባቸው። ለካ እኔ ወደ መስኮቱ ተጣብቄ፣ ለናሆም ቦታ ለቅቄ ነበር የተቀመጥኩት። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ጠፋ።

የገባሁበት መድኃኒት ቤት ጠባብ ነው። ባለሙያዋ አርባ ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። አግዳሚው ላይ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ወስደው ዝናብ የያዛቸው አንድ አዛውንት ቄስ ተቀምጠዋል። ጣሪያው ላይ ዝናቡ እየወረደ ተጠግቼ ቃሌን አልኩ፤ ለጉዳይ ከማርቆስ እንደመጣሁም ጨመርኩ።

ሴትዮዋ እንደ ሌሎቹ ወደ መደርደሪያው አልሄደችም። መነጽሯን አድርጋ ትጠይቀኝ ጀመር። «ውኃ ይጠጣል? ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?»

«ሌሊት ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል» አልኳት። «ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ነው የማድረው።»

ይህንንም ወረቀቱ ላይ ማንም አልጻፈልኝም።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያ ምንም አልሰጥሽም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።» በታዘዝኩት መሠረት ወተወትኳት። «ብትቀየሚኝም አልሰጥሽም፣ እኅቴ» አለች። «ደረቱ ሳይደመጥ መድኃኒት የለም።» ከገባሁባቸው ሁሉ የከለከለችኝ እሷ ብቻ ናት። በልቤ ጎሽ አልኳት።

ልወጣ ስል ቄሱ ጠሩኝ። «ልጄ፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ እስቲ። ነገ ቅዳሴ አለኝ፤ በጸሎት አስበዋለሁ።»

ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች ይህን ጥያቄ አላሰቡትም። ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ማለት ይቻል ነበር። ግን አባ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው እየጠበቁኝ፣ መቅደስ ይዘውት የሚገቡትን ስም ከኪሴ ማውጣት አቃተኝ።

«እናቱ አይደለሽም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ፤ ዓይኗ ጠቦ። በቃ፣ ተነቃብኝ፤ ሥራዬም አለቀ ብዬ አሰብኩ።

አባ ግን ሌላ ነገር ነበር የገባቸው። ከአግዳሚው ብድግ አሉ። «ተያት፤ አትጠይቂያት፤ አፍራ ነው» አሏት። «አልተጠመቀማ! አራት ዓመት ሙሉ! ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?» ዣንጥላቸውን አነሡ። «በይ ነይ፣ እንሂድ። ማርቆስ የማውቃቸው ካህናት አሉ። እንዲህ አሞት እያለ ሳይጠመቅ አያድርም።»

«ኸረ አባ! በዚህ ዝናብ? ጉልበትዎስ?» አለች ሴትዮዋ።

«ጉልበቴ ይደርሳል፤ ሕፃኑ ነው የሚያጣድፈው» ብለው ወጡ።

እኔም ተከተልኳቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ማርቆስ ደርሰን በሩን ስንከፍት ናሆም በሹራቡ ተጠቅልሎ ተቀምጦ የምናገኘው መሰለኝ። አንድ ቃል ባልናገር እውነት የሚሆን መሰለኝ። ከዚያ አባ ጎርፉን ሊሻገሩ እግራቸውን ሲያነሡ፣ ጉልበታቸው ከዳቸውና የቤቱን ምሰሶ ያዙ።

«አባ፣ ይመለሱ» አልኳቸው። «ልጅ የለኝም።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ሞተብሽ?»

«አልሞተም፣ አባ። ወልጄም አላውቅ።»

መልሼ አስቀመጥኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥናቱንም፣ ሰባቱን ዓመትም። ሴትዮዋ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ትንፋሹ ሲር ሲር የሚለውስ?» አለችኝ። ልቅሶዬ መጣ፤ እንደዚያ ያለቀስኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

አባ አልተቆጡኝም። «በይ የራስሽን ስም ንገሪኝ፤ የባልሽንም» አሉ። እንዳይረሱት ሁለት ሦስት ጊዜ ለራሳቸው ደጋገሙት።

ቅጹን ስሞላ አመነታሁ። ዝም ብል የሴትዮዋ መድኃኒት ቤት በጥሩነቱ ይመዘገባል፤ እኔም ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ግን መዋሸት በዚያ ቀን አልሆን ብሎኝ ነበርና «ተነቅቶብኛል» ብዬ ጻፍኩ። አስተባባሪው አሰናበተኝ። ስለ ሴትዮዋ ለመንኩት፤ ደንብ ደንብ ነው አለ። ከሁሉ በተሻለ የሠራችው ሰው ጥናቱ ውስጥ አለመኖሯ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያ ምሽት ራት ላይ ለባለቤቴ ተናዘዝኩ። ናሆም ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚያስል፣ አባ በዝናብ ሊያስጠምቁት እንደወጡ ሁሉንም ነገርኩት። ያብዳል ወይም ያዝናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ አቀርቅሮ ሰማኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ማንን ይመስላል?» አለኝ።

«አንተን» አልኩት።

ልጅ ዛሬም የለንም። ሥራውን በማጣቴ ግን አልቆጭም። ያን ማታ ስለ ልጅ እንደገና ማውራት ጀመርን፤ አሁንም እናወራለን።