እህቴ በቡሄ ሜዳ ላይ የጮኸችው

በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ስለ ቡሄ ሲነሳ፣ ጓደኞቼ የሚያወሩት ስለ ሆያ ሆዬና ስለ ሙልሙል ነው። እኔ አዳምጣለሁ እንጂ ብዙ አልናገርም። ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ቡሄ ማለት ጅራፍ ነው፤ ጅራፉም የሚገመደው ለማጮህ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት የሆነውን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሰፈራችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። በቡሄ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ የወዲህና የወዲያ ማዶ ወንዶች ከወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ። አንዱ ቆሞ ይገረፋል፣ ቀጥሎ ተራው የእሱ ይሆናል። እግሩን ከመሬት ያነሳ ወይም የተንበረከከ ተሸነፈ። ከአንገት በላይ መምታት ነውር ነው፤ የተሸነፈን መምታትም እንደዚያው። ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ዳር ይቆማሉ፤ ሴቶች ከዳገቱ ላይ ተቀምጠን እናያለን።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገን ታላቅ ወንድማችን ነው። ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ነው እኔን ያስተማረኝ። ለእህቴ ባል የሚሆናት ሰው የወዲያ ማዶ ልጅ ነበር፤ አዲስ ቅዳም ላይ ጋሪ ይነዳል። ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረዋል። እህቴ ትወደዋለች። ነገር ግን ያለ ወንድሜ እሺታ የሚሆን ነገር አልነበረም፣ ወንድሜም እንዲህ አላት፦

«ሽማግሌው ይምጣ። ከዚያ በፊት ግን ቡሄ ላይ ልየው። ጅራፍ ያልቻለ ትዳር አይችልም።»

እህቴ ፈራች። በቅዳሜ ገበያ ወደ ሰውየው ላከችኝ።

«ወንድሜን እንዳትመታው በይልኝ። አባታችን እሱ ነው በይው።»

ሰውየውን ከጋሪው ላይ ከሰል ሲያወርድ አገኘሁት። መልእክቱን ስነግረው ሳቀ።

«ታዲያ እኔ ዝም ብዬ ልገረፍ?»

«እንደዚያ ነው ያለችኝ።»

የፈረሱን አንገት እያሻሸ፣ «እሺ በያት፤ እሷ ካለች» አለኝ።

የቡሄ ዕለት ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ነበር። ሜዳው ጭቃ ነው። ገና ከመጀመሪያዎቹ ተጋራፊዎች የአንዱ የባቱ ቆዳ ተሰንጥቆ ደሙ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ ሲወርድ ወንዶቹ ያፏጩ ነበር። ከዚያ ወንድሜ ገባና በጅራፉ ጫፍ ወደ ሰውየው አመለከተ።

«ና እስቲ ባለጋሪው! ፈረስ መግረፍማ ታውቅበታለህ!»

የወዲህ ማዶ ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ጋቢውን ለጓደኛው ሰጥቶ ወጣ።

ወንድሜ ቀድሞ መታ። የጅራፉ ድምፅ ዳገቱ ድረስ መጣ፤ የሰውየው ሸሚዝ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተቀደደ። እግሩ አልተነቃነቀም። ተራው ሲደርስ ጅራፉን አሽከርክሮ ከወንድሜ ትከሻ በላይ አየሩን መታ። ጮኸ እንጂ አልነካውም። ወንድሜ ፈገግ አለ። በሁለተኛውም ተራ እንደዚያው አደረገ። ያኔ የወንድሜ ፊት ተለወጠ።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ ያንተ ሳይገርፍ ነው እንዴ የሚጮኸው? ለልጅ ነው የምታጮህልኝ?»

 የሰውየው የገዛ ወገኖችም «ምን ነካህ? አታዋርደን!» እያሉ ሰደቡት። ወንድሜ በንዴት ተራውን ረስቶ ደጋግሞ ገረፈው። ሽማግሌዎቹ «ተራ ጠብቅ! አንተ ሰው፣ ተራ!» ቢሉም አልሰማም። የመጨረሻው የሰውየውን አንገት ሥር ቆርጦት ደሙ በደረቱ ወረደ። እሱ አሁንም አየሩን መታ።

ወንድሜ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ጮኸ።

«ስሙኝ! ፍልሰታ ሲፈታ ማንም ቤቴ እንዳይመጣ! እኔን የናቀ ሰው እህቴን አያገባም!»

እህቴ አጠገቤ ነበረች። እጄን ስትጨብጠኝ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ለማክበር የታሰበው ንቀት ሆኖ ተቆጥሯል፤ መልእክቱን የላከችው ደግሞ እሷ ናት። ብድግ ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። በቤታችን ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ምታው!»

 ከኋላችን የተቀመጡ አሮጊት፣ «አንቺ ልጅ! በወንድምሽ ላይ?» አሉና አማተቡ።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መታ። ጅራፉ በወንድሜ ወገብ ዞሮ ጎድኑን ሲይዘው ያሰማው ድምፅ ከቀድሞው የተለየ ነበር፤ እርጥብ ነበር። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ተራውንም ሳይጠይቅ እጁን ዘርግቶ «ድገም!» አለ። ሰውየው ደገመ፣ ሠለሰም። የወንድሜ ጀርባ ቀይ መስመር በቀይ መስመር ሆነ። በሦስተኛው ጉልበቱ ከድቶት ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

ያኔ ማቆም ነበረበት። ነገር ግን ሰውየው ክንዱን እንደገና ወደ ኋላ ሲያነሳ አየሁ። ተንበርክኮ ያለውን ወንድሜን ከትከሻው ላይ መታው። ከዚያ ነው የሽማግሌዎቹ ዱላ መሃላቸው የገባው።

ወንድሜ ተነሳ፤ ደም የተቀላቀለበት ምራቁን ተፋና ሳቀ። «አሁን ሰው ሆንክ!» ብሎ የሰውየውን አንገት አቀፈ። ከሁለቱም ማዶ ጩኸትና ጭብጨባ ሆነ። እህቴ አላጨበጨበችም።

ቤት ስንገባ ጀርባውን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠበችው። ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በቀስታ እየላጠች ነው ያወለቀችው።

«ክንድ አለው» አለ ወንድሜ እያቃሰተ። «ይምጡ። እሺ ብያለሁ። አንቺስ ብትሆኚ፣ ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው ያለሽ!»

ሳቀላት። እሷ ግን ውኃውን ልደፋ ስወጣ ተከተለችኝና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ።

«ተንበርክኮ እያለ የመታው እኔ ስላልኩት ነው፣ ወይስ ደስ ብሎት?»

እውነቱን መናገር ፈለግሁ፤ እውነቱን ግን አላውቀውም ነበር። አላውቅም አልኳት።

ጾሙ እንደተፈታ የሰውየው ሽማግሌዎች መጡ። ጠላ ቀረበላቸው፤ ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ ተጨዋወቱ፤ ከዚያ ተነሥተው ልጅቷን ለልጃችን ስጡን አሉ። ወንድሜ ገና ጀርባውን ማቅናት ስለማይችል ጎንበስ እንዳለ፣ «በእኔ በኩል አልቋል። እሷን ጠይቋት» አለ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዕድሜ የጠገቡትን ሽማግሌ አየቻቸው።

«አባቴ፣ ሜዳው ላይ እርስዎ ቅርብ ነበሩ። ወንድሜ ሲንበረከክ ልጃችሁ አላየውም ነበር?»

«አየሽ ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «ደም ሲፈላ ዓይን አያይም። የወንድ ነገር ነው። አልፏል።»

«ቤት ውስጥም ደም ይፈላል» አለች።

ወንድሜ «እኔ የተመታሁት ይቅር ብዬ አንቺ ማን ነሽ!» ብሎ ሊነሳ ሲል ቁስሉ ያዘውና መልሶ ተቀመጠ።  እህቴ ከበሩ አልራቀችም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ዱላቸውን አነሡ፤ እሷም እንዲያልፉ መንገድ ለቀቀችላቸው።