ፉከራዬን ያደመጠው እንግዳ

የረጠበ የበግ ፀጉር በሸተተኝ ቁጥር ሞላሌ አጠገብ የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል። ክረምት ሲገባ ጉሙ ደጃፉን ዘግቶት፣ የበግ ፀጉር ባናችንን እሳት ዳር ዘርግተን እያደረቅን፣ አባቴ እኛን ልጆቹን ተራ በተራ መደብ ላይ እያቆመ ያስፎክረን ነበር። ድመት የሚያባርራቸው ወንድሞቼ አንበሳ ገዳይ ነን እያሉ ይንጎራደዱ ነበር። እኔ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ስነሣ እናቴ «ሴት ልጅ ደግሞ ምን ልትሆን ትፎክራለች!» ስትል፣ እሱ «ተያት እንጂ፣ ራሷን ማን እንደምታደርግ ልስማ» ይላት ነበር።

ጣሊያን ገብቶ አባቴ አርበኛ ሆኖ ሲሸፍት ጨዋታው ቀረ። በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እናቴ በሶ በትንሽ ስልቻ ቋጥራ ከቅርጫቴ ሥር ታስቀምጥና ኩበት ትጭንበት ነበር፤ ኩበት ለቃሚ ሕፃን ማን ይፈትሻል? ገደሉ አፋፍ ካለው ዋሻ ለአባቴ አድርሼ፣ ሌላ ኩበት ለቅሜ እመለስ ነበር። «ለማንም እንዳትናገሪ» ትለኝ ነበር፤ አልተናገርኩም። ፉከራም መናገር መሆኑን ግን ያስረዳኝ አልነበረም።

በጋው መሐል አንድ ባንዳ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። የአገራችን ሰው ነው፣ ወጋችንን ያውቃል። ወታደሮቹ እናቴን ደጅ አስቁመው ጎተራውን ሲበረብሩ፣ እሱ አንሥቶ መደብ ላይ አቆመኝና ሳቀ።

«የጀግና ልጅ ናት አሉኝ፤ ይቺ ሚጢጢ ምን ትፎክራለች?»

«እፎክራለሁ!»

«ውሸትሽን ነው።»

«ዘራፍ!» አልኩ። «የአባቷ ልጅ፣ ስንቅ አቀባይ! ኩበት ሥር ደብቃ፣ ገደሉ ዋሻ ድረስ!»

አጨበጨበልኝ።

በማግስቱ አባቴን ከዋሻው አውጥተው ገበያ መሐል ሰቀሉት። እናቴ ጭብጨባውን ከደጅ ሆና ሰምታ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ ግን ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ሕፃን ራሱን እንዴት እንደሚያይ ከዚያ ባንዳ አብልጦ መለካት የቻለ ሊቅ ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ልጄ ወደምትማርበት ትምህርት ቤት አጥኚዎች እየመጡ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ ክብ ስለው «ጎበዝነትሽ የትኛውን ያህላል?» ይላሉ። ልጄም እንደ ጓደኞቿ ሁሉ ትልቁን ክብ መረጠች። ወጣቱ አጥኚ ፈገግ ብሎ፣ «በዚህ ዕድሜ ሁሉም ራሳቸውን አጋነው ነው የሚያዩት፣ እትዬ፤ መልሳቸው ብዙም አይታመንም» አለኝ።

እኔን በዚያ ዕድሜ የጠየቀኝ ሰው ግን አምኖኛል፤ እኔም አንዲት ቃል አላጋነንኩም ነበር።