ቢላ ያልነካው ድንጋይ

ሰሞኑን ቀራንዮ አዲስ ሕንፃ ሊሠራበት ዶዘር መሬቱን ሲገፋ ቆሜ አየሁ። ጭቃው፣ ጠጠሩና በሬ የሚያህለው ድንጋይ ሳይለያዩ አንድ ላይ ተከምረዋል። "እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለችኝ ጎረቤቴ። ምንም አልጠፋብኝም፤ የባሌ ተራራና ከድር ትዝ ብለውኝ ነው።

ከድር የኮልፌ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነበር። አባቱ ጦር ኃይሎች አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። "የመመረቂያ ጥናትህ ከወደቀ ትምህርቱ ይበቃሃል፤ ሱቁን ትረከባለህ" ብለውታል። ጥናቱ ስለ ሞሬን ነበር፤ ጥንት የበረዶ ግግር ከተራራ ሲወርድ ገፍቶ አምጥቶ፣ ሲቀልጥ ጥሎት ስለሄደው የጭቃና የድንጋይ ቁልል። በአገራችን ይህ የሚገኘው እንደ ባሌና ስሜን ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ነው። ኮልፌን ዕድሜ ልክ ቢቆፍሩት አይገኝም።

ጥቅምት ላይ ከመምህራችን ጋር ባሌ ተራራ ወጣን። ከብርዱ የተነሳ ቆሎ መቆርጠም እንኳ አቃተን። እንደ ማጭድ ጎብጦ ሸለቆውን የዘጋ ጉብታ ጋ ስንደርስ መምህሩ "ተራ ናዳ ነው" አሉ። ከድር ተከራከረ። ናዳ ከተናደበት ገደል ሥር ይቀመጣል፤ እዚህ አጠገብ ገደል የለም። ወንዝ ነው እንዳይባል፣ ወንዝ ድንጋዩን ያሞለሙላል፣ ትልቁንም ከትንሹ ይለያል።

"በረዶ የፋቀው ድንጋይ አሳየኝ" አሉና ወደ መኪናው ሄዱ።

ብዙ ሳይቆይ ከድር ጮኸ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ፊቱ በጭረት ተሞልቷል። ዳሰስኩት። መሃሉ ጎድጉዷል፤ ጭረቱም ወዲያና ወዲህ የተመላለሰ ነው። በእኛ ሰፈር በዓል ሲደርስ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከየደጃፉ አይጠፋም።

"ከድር፣ ይሄ እኮ ቢላ የተሳለበት ነው።"

"አንቺ ደግሞ! ሰው ደስ ሲለው አትወጂም?"

አኮረፈኝ። እኔም ተናደድኩ፤ ግን ያንን ድንጋይ ለመምህሩ ቢያሳይ ኖሮ አልቆለት ነበር። "ቢላ ከማይደርስበት እናውጣ" አልኩት። ጉብታውን በመዶሻ ቆፍረን፣ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ አውጥተን በኮዳችን ውሃ አጠብነው። አንድ ጎኑ ተፍቆ ለጥ ብሏል። ቀጫጭን ጭረቶች ጎን ለጎን፣ ቀጥ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። መኪናው ድረስ ወስደን ስናሳያቸው መምህሩ በጣታቸው ዳሰሱት።

"በል ጻፈው" አሉ። ከድር አለቀሰ።

አባቱ ሁሉንም ሰምተው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። "ይሄ በረዶ ተመልሶ ይመጣል?"

"አይመጣም፣ አባዬ።"

"እንግዲያ ሱቁን የሚገፋው የለም፤ አይቸኩልም፣ ተማር።"

ዛሬ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ቤቴል ሻይ ስንጠጣ "ያን ቀን ደስታዬን ነጠቅሽኝ" ይለኛል፤ አሁንም የምሩን ነው። አልከራከረውም። ደስ የሚለውን ማንም ይነግረው ነበር፤ ደስ የማይለውን ግን ከእኔ በቀር የሚነግረው አልነበረም። እስካሁን ያልነገርኩት፣ ያን ጊዜ እወደው እንደነበር ነው።