ጠበል የገባው ባሕር

ደብረ ማርቆስ ባሕር የላትም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቴፕ ተበላሽቶበት የማያውቅ ሰው ነው። ቴፕ የተበላሸበት ሁሉ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ወዳለው የምስጋናው ጥገና ቤት መሄዱ አይቀርም። እዚያ የገባ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ መቶ ሃያ ሊትር ቀይ ባሕር በመስታወት ውስጥ ቆሞ ያያል። ከባሕሮች ሁሉ ትንሹ መሆኑን አንክድም። ግን ሌሎቹ ባሕሮች ከመሬት ግርጌ ተኝተው ሲውሉ የኛው ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ወጥቶ ነው የሚኖረው። ጋቢ የሚለብስ ባሕርም ከሱ ሌላ የለም። በሐምሌ ብርድ ምስጋናው አምፖሎቹን አብርቶ ውኃውን ካሞቀ በኋላ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች በወፍራም ጋቢ ይጠቀልለዋል። እሱ ራሱ በነጠላ ነው የሚያድረው።

ነገሩ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የሚስቱ የየብርጓል ወንድም ሙላት ያኔ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ቀን የረጠበ ጆንያ ተሸክሞ መጣና ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ትልቅ ቴፕ ነው፤ ወደቡ ዳር ሲዝናና ባሕር ውስጥ ጥሎት ኖሯል።

«ውኃ ጠጣ እንዴ?» አለ ምስጋናው።

«ጠጣ? ሰክሮ ነው የወጣው እንጂ!»

ምስጋናው የካሴቱን በር ከፈተ። ካሴት በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሸርጣን ተደላድላ ተቀምጣለች። አምስት ቀን በጆንያ ታስራ፣ የአባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ፣ አሁንም መቆንጠጫዋን ወደ ላይ አንስታ ጠብ ትፈልጋለች።

ቴፑ በዚያው ቀን ተጠገነ። ሸርጣኗ ግን በሦስተኛው ቀን ሞተች። ምስጋናው ባሕር ማለት ውኃና ጨው ነው ብሎ፣ ከገበያ አሞሌ አምጥቶ ወቅጦ በጥብጦላት ነበር።

ይህን ሞት እንደ ቀላል እንዳታዩት። ምስጋናው ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አለው። እያንዳንዱ መስመር ላይ የዕቃው ስም፣ ሕመሙና የተደረገለት ነገር ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ «ጠጋኝ፦ ምስጋናው» ይላል። እጁ ገብቶ ሳይድን የወጣ ዕቃ አልነበረም። ለጣሊያን ዘመን ራዲዮ እንኳ ጉሮሮ ገጥሞ አናግሮታል። ያን ቀን ግን ከጎረቤት ቀይ እስክሪብቶ ተውሶ «ሸርጣን፤ አልዳነችም» ብሎ ጻፈ። የብርጓል እንደምትለው ከሆነ ለሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ባሕርን ሊጠግን ተነሣ።

ሙላት ከአሰብ፣ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከጅቡቲ፣ በየጉዞው በጀሪካን የባሕር ውኃ ይጭንለት ጀመር። ኬላ ላይ «ምንድን ነው ይህ?» ሲሉት «ውኃ ነው» ይላል። ቀምሰው ይተፉና «እብድ ነህ!» ብለው ያሳልፉታል። ውኃውን የሚያዘዋውረውን ሞተር ምስጋናው ከሦስት ሙት ቴፖች ገጣጠመው። መብራት ሲጠፋ አየር የሚሰጠው ነፍቶ ያስቀመጠው የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ግማሽ ቀን ያስተነፍሰዋል። ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጥረትም አላመደ። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ቀን እንደ አበባ የሚፈካ፣ ሲነኩት የሚኮማተር ነገር ነው፤ እኛ «ሕያው ድንጋይ» እንለዋለን። እንዲያ ሲሞትበት ሲተካ፣ ቀዩ እስክሪብቶም ሥራ ሲበዛበት፣ በ1992 ሁለቱ ዓሦች መጡ።

ብርቱካንማ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት አላቸው። ሴቲቱ ትልቅ ናት፤ ወንዱ የሷ ግማሽ ነው፤ ፊቷ ሲደርስ እየተንቀጠቀጠ ጎኑን ያሳያል። እሷን «እቴጌ»፣ እሱን «ባላምባራስ» አልናቸው። ቴፕ ያልተበላሸባቸው የሰፈሩ ሴቶች እንኳ ባሎቻቸውን ይዘው እየመጡ «እየው እንግዲህ፣ ሥርዓት ይህ ነው» ይሉ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት ተሰልፈው ጎበኟቸው። ከአምበር ገበያ ለመጣ ገበሬም «ባሕሩን አይተሃል?» ማለት እንደ ሰላምታ ሆኖ ነበር፤ ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

በ2003 ዓ.ም. በኅዳር ወር እቴጌ ታመመች። ገላዋ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ። በማግሥቱ ባላምባራስም ያዘው። መብል ተዉ፣ ድንጋይ ላይ ገላቸውን ማከክ ጀመሩ። ምስጋናው መዝገቡን ገልጦ የዓሦቹን ስምና ሕመም ጻፈና የቀረውን ቦታ ባዶ ተወው። ቀዩን እስክሪብቶ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት።

ያለው ተስፋ አዲስ የባሕር ውኃ ነው፤ አዲሱ ውኃ ግን ከሙላት መኪና ጋር በጅቡቲ መንገድ ሚሌ ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ ነዷል። ምስጋናው የጥገና ሣጥኑን አንጠልጥሎ ተነሣ።

«መኪናውን ጠግኜ ውኃውን ይዤ እመጣለሁ» አላት የብርጓልን። «ከምግባቸው በቀር ማንም ምንም እንዳያደርግ!»

«እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለች የብርጓል። እውነቷን ነው፤ እሷ ምንም አላደረገችም።

ያደረጉት እናቷ ናቸው። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ዓይናቸውን ሊታከሙ ከቁይ መጥተው እዚያው ቤት ተቀምጠዋል። አማቹ በወጣ በማግሥቱ ከመስታወቱ ፊት በርጩማ ስበው ተቀመጡና እቴጌን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ይቺ ፍጥረት እኮ ታማለች።»

«ምስጋናው መድኃኒት ሊያመጣ ሄዷል፣ እማዬ።»

«እስኪመጣ ትሙት? ከብት ይጠመቅ የለም እንዴ? ዓሣ ምን ያንሰዋል?»

«እማዬ፣ አትንኩ ብሏል!»

«እኔ መቼ እነካለሁ? የሚነካው ጠበሉ ነው።»

ማለዳ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ከሥላሴ ጠበል አንድ ባልዲ አስይዘው መጡ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ሰው በልብሱ አይጠመቅም፤ ይህ ባሕር ደግሞ ድንጋዩን ሁሉ ለብሷል። ስለዚህ ባሕሩን አወለቁት። ሕያዎቹን ድንጋዮች አንድ በአንድ አውጥተው፣ እንዳይደርቁ ከዚያው ከባሕሩ ውኃ ሁለት ባልዲ ቀድተው በትልቁ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፏቸው። ሳፋውን ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ሥር አስጠጉት፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ውኃውን በእጃቸው ያማስሉታል። ሲመሽ ምስጋናው ካስቀመጠው ጋቢ ግማሹን አለበሱት።

ጠበሉንም ቢሆን በብርዱ አልደፉትም። ሕመምተኛን በቀዝቃዛ መምታት ጭካኔ ነው ብለው ፀሐይ ላይ አውለው፣ ለብ ሲል፣ በጣሳ ቀስ አድርገው ያወርዱታል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ባልዲ አገቡ፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ባልዲ ይቀዳል፣ አንድ ባልዲ ይገባል። ሥርዓቱ ሰባት ቀን ነው። የተቀዳው ውኃ ጠበል ነክቶታልና እግር የሚረግጠው ቦታ ላይ አይደፋም፤ በጋን፣ በእንስራ፣ በድስት ተጠራቀመ። በሳምንቱ መጨረሻ የብርጓል ሽሮ የምትሠራበት ዕቃ አጥታ ከጎረቤት ተዋሰች።

ምስጋናው በዐሥረኛው ቀን አራት ጀሪካን ይዞ ገባ። የጨው መለኪያውን መስታወቱ ውስጥ ሲከት ሠላሳ አምስት ማለት የነበረበት ዐሥራ ሁለት አለው። አውጥቶ ጠረገና ደግሞ ከተተ። ዐሥራ ሁለት።

«ማነው ይህን ያደረገ?» ጩኸቱ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ፤ አንድ የባሕር ዳር አውቶቡስ ያለ ሰዓቱ ተነሣ ይባላል።

«እኔ ነኝ» አሉ እማሆይ። «ሰባት ቀን አስጠመቅኋቸው።»

«እማሆይ፣ ባሕር ነው እኮ! ጨዉን አጠፉት! ዐሥራ አራት ዓመት የለፋሁበትን በባልዲ ገደሉብኝ!»

እማሆይ ጓዳ ገብተው ጓዛቸውን ማሰር ጀመሩ።

«ገደሉብኝ ያልከው ማንን ነው?» አለችው የብርጓል ከበሩ ቆማ። «እስቲ መጀመሪያ እያቸው።»

ምስጋናው ያኔ ነው ከመለኪያው ላይ ዓይኑን ያነሣው። እቴጌ ከመስታወቱ ማዶ ትመለከተዋለች። ገላዋ ላይ አንዲት ነጥብ የለም። ባላምባራስ አጠገቧ ቆሞ እንደ ደንቡ ይንቀጠቀጣል። ሕያዎቹ ድንጋዮች ሳፋው ውስጥ ትንሽ ከመገርጣታቸው በቀር ፈክተዋል። የሞቱት መስታወቱ ውስጥ ከውኃው ግርጌ የተረሱ ሦስት ቀንድ አውጣዎች ብቻ ናቸው።

ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሄደ። የያኔው ኢንተርኔታችን አንድ ገጽ እስኪከፍት ጤፍ ተዘርቶ ይታጨዳል፤ ምስጋናው ግን ጠበቀ። መጨረሻ ላይ የተከፈተው ገጽ እንዲህ ይላል፦ የነጠብጣቡ መንስኤ ጥገኛ ተባይ ነው፤ ጨው ሲያንስበት ይሞታል። ዓሣው እንዳይጎዳ ጨዉን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ እስከ ዐሥራ ሁለት አውርዱት። ኮራሉ አይችለውምና አስቀድማችሁ ከነባሕር ውኃው ለብቻ አኑሩት። ነጠብጣቡ ቢጠፋም አትመኑ፤ ተባዩ ተደብቆ ይቆያልና ከጀመራችሁበት ቀን አንሥቶ አራት ሳምንት እስኪሞላ አዝልቁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ፀሐፊው እማሆይን ሰልሎ የጻፈው ነበር የሚመስለው።

ሲመለስ እማሆይ ጓዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የቁይ መኪና ሰዓት እስኪደርስ ደጅ ተቀምጠዋል። ምስጋናው ፊታቸው ቆመ። በከተማው ያልጠገነው ዕቃ የለም፤ ይቅርታ ሲጠይቅ ግን ያየው ሰው አልነበረም፤ እንዴት እንደሚጀመርም የሚያውቅ አይመስልም።

«እማሆይ፣ ሦስት ሱባዔ ይቀራቸዋል» አለ።

«የኔ ሰባት ቀን አልቋል።»

«እነሱ ግን ገና ናቸው። አሁን ከተዉአቸው ሕመሙ ይመለሳል።»

«ካሁን በኋላ የሚፈልግ ራሱ ሕመምተኛው ይለምን።»

«እነሱማ አንደበት የላቸውም።»

«እንግዲያ አንደበት ያለው ይለምን። ቅድም መናኸሪያ ድረስ ተሰምቶ አልነበር?»

ምስጋናው የቧንቧ ውኃ አጣርቶ መጨመር ይችል ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጨው ለመቀነስ መነኩሲት አያስፈልግም። ግን ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «አጥፍቻለሁ፤ ይማሩኝ። ያዳኗቸው እርስዎ ነዎት። ይጨርሱልኝ» አለ፤ ያውም ሦስት ደንበኛ ቆሞ እየሰማ።

እማሆይ ጓዙን አሳቀፉት። «በል አስገባው። ባልዲው የት ነው?»

ሦስቱን ሳምንት አማችና አማት አብረው አስታመሙ። እሳቸው ጠበሉን ያሞቃሉ፣ እሱ መለኪያውን ያነባል። «ዐሥራ ሁለት ነው፣ ዛሬ ጣሳ ብቻ» ሲል እሳቸው «አንተ ቁጥርህን ጠብቅ» ይሉታል። ካፌ ውስጥ እኛ ለሁለት ተከፍለን ተከራከርን፤ ግማሹ ጠበል ነው አለ፣ ግማሹ ሳይንስ ነው አለ፤ አንድ የጉንደ ወይን ሰው ሁለቱንም ሊያሸማግል ገብቶ ከሁለቱም ጋር ተጣላ። ምስጋናውን ስንጠይቀው ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል።

በአምስተኛው ሳምንት ጨዉ ቀስ በቀስ ወደ ሠላሳ አምስት ተመለሰ፤ ባሕሩ ድንጋዩን መልሶ ለበሰ። ነጠብጣብ አልተመለሰም። ምስጋናው መሳቢያውን ከፍቶ በቀይ «ቀንድ አውጣ፣ ሦስት፤ አልዳኑም» ብሎ ጻፈ፤ እማሆይም ከልባቸው አዘኑ። ቀጥሎ ሰማያዊውን አነሣና ባዶ የተወውን መስመር ሞላ። መዝገቡን አዙሮ አሳያቸው። እማሆይ መዝሙረ ዳዊት የሚደግሙ ናቸውና የታከመውን ዓይናቸውን አስጠግተው ድምፃቸውን ለቀቅ አድርገው አነበቡት፦ «እቴጌና ባላምባራስ። ድነዋል። ጠጋኝ፦ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት።»

«እኔ ጠጋኝ አይደለሁም፤ ሰርዘው።»

«የዚህ መዝገብ ጽሑፍ አይሰረዝም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ ከኔ ስም በላይ ሥላሴን ጻፍበት።»

ጻፈበት። ያንን ገጽ ማየት የፈለገ ሄዶ ይጠይቅ፤ ምስጋናው ከራሱ ሥራ ሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው እሱን ነው።

እማሆይ በሳምንቱ ወደ ቁይ ተመለሱ። ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው «ዓይንዎን ለመታከም ይህን ያህል ቆዩ? ማርቆስ ምን ሲሠሩ ከረሙ?» አሏቸው። እማሆይ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣

«ቀይ ባሕር አሞት ሳስታምም ነበር» አሉ።