ከጀኖዋ ወደ ኒስ፣ በደወሌ በኩል

ለዕረፍት ብዬ የገዛኋቸውን ሸሚዞች ከላስቲካቸው ሳወጣ ነው ነገሩ የጀመረው። አዲስ ሸሚዝ ከነስፒሉና ከነአንገቱ ካርቶን የሚሰጠው ያ ሽታ፣ ስታርች የሚመስል፣ ትንሽም የመርከብ ሆድ የሚሸት፣ ሌላውን ሰው የበዓል ዋዜማ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ፊናንስን ነው። ድሬዳዋ ላይ ፊናንስ የምንለው የጉምሩክ ፖሊሱን ነበር፤ እኔና እህቴ ፈትያ ከጅብ አስቀድመን መፍራት የተማርነው እሱን ነው። ሸሚዙን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ስቆም ባለቤቴ ራሄል ከሆስፒታል ሥራዋ ገባችና «ደግሞ ምን ሆንክ?» አለች።

የሆንኩት ዕረፍት ማቀድ ነው። ፈትያ ጀኖዋ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከበች ትኖራለች። እኔ ከአትላንታ በርሬ እሷ ጋ እደርስና፣ ባህሩን ይዞ የሚሄደውን ባቡር አብረን ተሳፍረን፣ ቬንቲሚሊያ በምትባል የድንበር ከተማ ባቡር ለውጠን፣ ፈረንሳይ ገብተን ኒስ እንወርዳለን። ሁለቱ አገሮች እዚያ ጋ የሚዋሰኑት እንደ ጎረቤት ግቢ ነው። ክረምቱን ሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ ተደፍቼ የትኛው ባቡር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ ባህሩ በየትኛው መስኮት እንደሚታይ፣ ባቡር ስንለውጥ አንድ ነገር ለመቅመስ ጊዜ ይኖረን እንደሆነ ሳጠና ከረምኩ። እዚሁ አትላንታ፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ አብረን ምሳ የምንበላ ወዳጆቼ ይስቁብኛል። እዚህ አገር ዕረፍት ማለት መኪና ሞልቶ ፍሎሪዳ መውረድ ነው። «ባቡር ለመሳፈር ብለህ አውሮፕላን ትሳፈራለህ?» አለኝ አንደኛው፤ «ኢስት ፖይንት ሂድና የከተማውን ባቡር ግባ፣ ዳውንታውን ድረስ ይወስድሃል፤ ከፈለግክ እኔ መስኮት ላይ የባህር ፎቶ እለጥፍልሃለሁ!»

ፈትያ ግን አልሳቀችም። ቀኑን እሺ አለች፣ ሆቴሉን እሺ አለች፣ ባቡሩን ግን አሻፈረኝ አለች። «አንተ እዚሁ ና። ጀኖዋም ባህር አለው፤ ባህር ባህር ነው፣ አቦ!»

ይህን የምትለኝ ባቡር ላይ ያደገችው ፈትያ ናት።

እናታችን ነጋዴ ነበረች፤ መንግሥት የሚላት ኮንትሮባንዲስት ነበር። ከጂቡቲ የሚመጣውን ጨርቅና ሸሚዝ ድንበሩ ላይ ካለችው ከደወሌ ገዝታ፣ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ታመጣለች፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋም እኔንና ፈትያን ይዛን ትወጣ ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ የጥንቱን ባቡር እንዳወድስ ጠብቆ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባቡሩ አስቀያሚ ነበር። የወንበሩ ሽቦ ሱሪ ይቀዳል፣ ፍየልና ሕፃን እኩል ይጮሃሉ፣ መስኮቱ ከተከፈተ አሸዋ፣ ከተዘጋ የሰው ላብ ይገባብናል፣ ሲነሳም ሲደርስም ማንንም አያማክርም። በልጅነቱ የተራበበትን ቤት ሳይቀር እያቆላመጠ የሚጽፍ ትውልድ አባል ነኝና ከዚህ በሽታ ራሴን እጠብቃለሁ። ነገር ግን ያ ባቡር ከድሬዳዋ በፊት ያለችው ሽንሌ ሲቃረብ ውስጡ ይሆን የነበረውን ነገር ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም።

ሽንሌ ላይ ፊናንስ ይሳፈራል። ከዚያ በፊት፣ ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ፉርጎው በሙሉ መልበስ ይጀምራል። ሴቶቹ ጥቅላቸውን ይፈቱና ለማያውቁት ሰው ያድላሉ፤ ቃሉም አንድ ነው፣ «ያዝልኝ»። ማን ነሽ የሚል የለም። ደሞዙን ተቀብሎ የሚመለስ ቀጭን አስተማሪ ሦስት ሸሚዝ ደራርቦ ድንገት ባለሆድ ይሆናል፤ አንድ ሽማግሌ የሽቶ ጠርሙስ ጥምጥማቸው ውስጥ ይሸሽጉና በዚያ ሙቀት አንገታቸውን እንደ ሙሽራ ቀጥ አድርገው ይቀመጣሉ፤ የምታጠባ ሴት ልጇን የምታቅፈው በሌላ ሴት ሐር ነው። እኔ አራት ሱሪ ለብሼ ጉልበቴን ማጠፍ አቅቶኝ ቆሜ የሄድኩበት ጊዜ አለ። ድሬዳዋ ለጋሃር ወርደን ከአጥሩ ጀርባ ስንዞር ሁሉም ያወልቅና ለባለቤቱ ይመልሳል። ዋጋ የለውም፣ ምስጋናም አይበዛበትም። አንድ ጊዜ ካልሲ ይዞ የጠፋ ሰው ነበር፤ እኔ ከአገር እስክወጣ ድረስ ሰፈራችን ስሙን ሲያነሳ «ያ ባለካልሲው» ይል ነበር።

እናታችን ደግሞ አብረን እንድንቀመጥ አትፈቅድም። እሷ ከተያዘች እኛ ላይ ያለው ዕቃ እንዲተርፍ፣ እኔን መሀል ፉርጎ፣ ፈትያን መጨረሻው ላይ ታስቀምጠናለች። እኔ አለቅስ ነበር። ፈትያ ግን ወንበር መርጣ ያገኘችው ሰው ጭን ላይ ትወጣና ወሬ ትጀምራለች፤ አንዴ ውሃ ፍለጋ ወደሷ ስሄድ ያየሁትን አልረሳም። ፊናንሱ አንድ የጨው ነጋዴ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ በአምስት ቀሚስ እንደ በርሜል አብጣ አገኛትና «ይቺ ልጅህ ናት?» አለው። ሰውየው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «የመጨረሻዬ ናት። ዓመሏ አይጣል ነው፤ ከፈለግክ ውሰዳት!» ፉርጎው ሳቀ፤ ፊናንሱም ሳቀና አለፈ። ሕግ እንደ ነበረና ያ ሁሉ ሕዝብ ሕግ አፍራሽ እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ቀረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዱ መጻሕፍትም በብዛት አንብቤአለሁ። ስለ ሰውየው የሚያስረዳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አምና ፈትያ ኒስ የምትኖር ወዳጇ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ በዚያው በባህሩ ዳር ባቡር ተሳፈረች። ሶጆርኖ የሚሉትን የመኖሪያ ወረቀቷን ይዛለች፤ ቀኑም አላለፈበትም። ድንበሩን እንዳለፉ ባለው የመጀመሪያ ጣቢያ ፖሊሶች ገቡና የጠቆሩትን ብቻ እየመረጡ አስወረዱ። ቦርሳዋን ሲከፍቱ ለአራሷ የያዘችውን የገንፎ ዱቄት አገኙ። ነጭ ዱቄት፣ በላስቲክ የታሰረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሷ እያሳቀች ነበር የነገረችኝ፦ እንዴት እንዳሸተቱት፣ እንዴት እንደበጠበጡት፣ እሷም እንዴት በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ስለ ቅቤና በርበሬ እንዳስረዳቻቸው። ወረቀቷ ትክክል ነው ብለው ሲለቋት ባቡሩ ሄዷል፤ ዱቄቱም ከንቱ ሆኗል። እሷም አራሷን ሳትጠይቅ ወደ ጀኖዋ ተመለሰች።

ሳቋ ያቆመው ሌላ ነገር ስትነግረኝ ነበር። ወደ ኒስ ስትሄድ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠች ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ስታጫውታት፣ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ስታሳያት፣ ከያዘችው ቼሪ ስታካፍላት ነበር የመጣችው። ፖሊሶቹ «ተነሺ» ሲሏት ፈትያ ወደ ሴትዮዋ አየች። ሴትዮዋ ወደ ባህሩ ዞረች። «ባህሩ እኮ በሷ በኩል አልነበረም» አለችኝ ፈትያ። «ያን ሁሉ አንገቷን ጠምዝዛ ነው እኔን ላለማየት የዞረችው።»

«በዚህኛው ጉዞ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ» አልኳት፤ የአሜሪካ ፓስፖርቴን እንደ ጋሻ እያሰብኩ። ይህን ስል የሰማችኝ ራሄል ስልኩ እስኪዘጋ ጠብቃ፣ «እሺ፣ አጠገቧ ሆንክ። ሲያስወርዷት ምን ታደርጋለህ? ድርሰት ትጽፍባቸዋለህ?» አለችኝ። በነገር መውጋት የኔ ሙያ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ። እዚህ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ ፖሊስ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ ፊት ለፊት እይ፣ ያልተጠየቅከውን አትናገር። ለልጄም መንጃ ፈቃድ ባወጣ ቀን ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ደግሜ ደጋግሜ፣ እንደ ውዳሴ እስኪወጣው። እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው ባቡር ውስጥ ተነስቶ «እህቴ ናት፤ ካወረዳችኋት አብራችሁ አውርዱኝ» ይል እንደሆነ ለማወቅ መጻፍ አይበቃም።

ትናንት ፈትያ ራሷ ደወለች። ስታስብበት እንደ ሰነበተች ድምጿ ያስታውቃል።

«እመጣለሁ» አለች። «እስከ መቼ እንዲህ እሆናለሁ? ግን አብረን አንቀመጥም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንተ ፊት ፉርጎ፣ እኔ ኋላ። ካስወረዱኝ አትነሳ፤ ቀጥል። እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ፤ ኒስ ጠብቀኝ።»

«ፈትያ፣ እህቴ ነሽኮ!»

«አቦ አትዘላብድ! ሁለታችንም ከምንወርድ አንዳችን እንድረስ። ይህ ለኛ አዲስ ነው?»

አዲስ አይደለም። ግን እናታችን ስትለያየን ለየብቻችን ትታን አልነበረም፤ ስሙን ለማታውቀው ሰው ሁሉ አደራ ሰጥታን ነበር፤ አደራውንም የማይቀበል ሰው በዚያ ሰባራ ባቡር ላይ አይሳፈርም ነበር። አሁን የምንሳፈረው ንጹሕ ነው፣ ሰዓቱን ያከብራል፣ ወንበሩ ሱሪ አይቀድም። ፈትያን አደራ የምለው ሰው ግን ከፊት ፉርጎ እስከ ኋላው ድረስ አንድም አላውቅም፤ እሷም ከኔ የምትጠብቀው እንዳልነሳ ብቻ ሆኗል። ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«እሺ» አልኳት።

ድምፄ ውስጥ የነበረውን እፎይታ ሁለታችንም ሰማነው።